ሐረግ በሲጋር ቀለበት ላይ

በሎንግ ቢች ከሚኖሩት የአጥቢያችን ምእመናን መካከል አንድ ወንድም አለ። በልጅነቱ በጎንደር ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥንና ሐረግ መሳልን ተምሯል፤ በስደት ከመጣ ወዲህ ግን ኑሮውን የሚገፋው በአንድ ማተሚያ ቤት የሳሙናና የመጠጥ፣ የቅመማ ቅመምና የመድኃኒት መጠቅለያ ወረቀት እየነደፈ ነው። በዚህ ዐቢይ ጾም በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለጠበል ጸዲቅ እንደ ተቀመጥን፣ ከደረት ኪሱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖራት። ርዝመቷ እንደ መካከለኛ ጣት፣ ስፋቷ እንደ አውራ ጣት ነው። በላይዋ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሐረግ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ ከየትኛው ዳዊት የተቀዳ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«የዳዊት አይደለም አባባ፤ የሲጋር ነው» አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የሲጋር ነጋዴ በሲጋሩ ወገብ ላይ የሚጠመጠመውን የወረቀት ቀለበት እንዲነድፍለት ጠይቆታል። የሚፈልገው «የጥንት መንግሥት መልክ» ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያ የላሊበላን መስቀል አሳይቶት ነበር፤ ወንድማችን ይህንስ አላደርገውም አለ። ቀጥሎ ዘውድ የደፋውን አንበሳ አሳየው፤ በዚህ አመነታ። ሐረጉን ግን ነጋዴው አልጠየቀውም፤ ራሱ ወንድማችን ነው ያቀረበለት። ነጋዴውም እጅግ ወደደው። የሚከፈለው ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ዳሩ ግን ንድፉን ከጨረሰ በኋላ እንቅልፍ አጣ። «ሐረግ መስቀል አይደለም፤ የቅዱስ ሥዕልም አይደለም። ታዲያ ኅሊናዬ ስለ ምን ይወቅሰኛል?» ሲል ጠየቀን። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ፤ ክርክሩም ቡናው እስኪቀዘቅዝ ቀጠለ። በመጨረሻ እኛ የመጽሔቷ አዘጋጆች ጉዳዩን አስበንበት እንጽፋለን ብለን ቃል ገባን።

ስለ ሲጋር ቀለበት ከዚያ ቀን በፊት ምንም አናውቅም ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም። በወረቀት ከሚጠቀለለው ሲጋራ የሚለየው ሲጋር በቅጠል ላይ ቅጠል እየተደረበ ይጠቀለላል፤ በዚያም ላይ ነው ቀለበቱ የሚጠልቅለት። ልማዱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኩባ በሃቫና ከተማ የጀመረው ጉስታቭ ቦክ የተባለ ከአውሮፓ የሄደ ነጋዴ ነው ይባላል። ሌሎች ደግሞ የመኳንንቱ ነጭ ጓንት በትምባሆ እንዳይበላሽ ታስቦ የተደረገ ነው ሲሉ ይተርካሉ፤ ይህኛው ተረት ሳይሆን አይቀርም። የቦክ ምክንያት የበለጠ ያሳምናል፤ አስመሳይ ሲጋር በዝቶ ስለ ነበር የራሱ የሆነውን በስሙ ለማስታወቅ ፈለገ። እንግዲህ የወረቀቱ ቀለበት የመጀመሪያ ሥራው ምስክርነት ነበር ማለት ነው፤ «ይህ የእኔ ነው፣ አልተጭበረበረም» የሚል ምስክርነት።

በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ኅትመት ሲስፋፋ፣ ከጀርመን አገር ከባቫሪያ በሚመጣ የኖራ ድንጋይ ላይ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እየተሳለ፣ በአንዲት የጣት ቁመት በማታክል ወረቀት ላይ ብዙ ቀለማት ይደራረቡ ጀመር። በመጨረሻም ወርቅ መሳይ የነሐስ ዱቄት ይነሰነስባታል፤ ከዚያም ጌጡ ጎበጥ ብሎ እንዲታይ በማተሚያ ትጫናለች። የነገሥታት ፊት፣ ዘውድ፣ ሜዳልያና ጋሻ በዚያች ወረቀት ላይ ተሰለፉ። በአሜሪካ ልጆች አባቶቻቸው የጣሉትን ቀለበት አንሥተው በጣታቸው ያጠልቁ ነበር። ይህን ስናነብ ጥቂት ቆም ብለናል፤ ልጁ ጭሱን ሳያውቅ ቀለበቱን አጥልቋልና።

ወንድማችን የሥራውን ጠባይ ሲያስረዳን ዓይኑ ያበራ ነበር። ወረቀቷ ክብ በሆነ ነገር ላይ ስለምትጠመጠም ተመልካች በአንድ ጊዜ የሚያየው ከፊሏን ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከሏ አንድ ክብ ጌጥ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ክንፍ ይደረግላታል። ጫፍና ጫፏ ሲገናኝ ሙጫው ወረቀትን ከወረቀት ጋር ብቻ እንጂ ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው እንደ ሆነ ሲፈታ ቅጠሉ ይቀደዳል። አስቸጋሪው ነገር መጋጠሚያው ነው፤ ሥዕሉ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሐረግ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ዞሮ ከራሱ ጋር ይገጥማል። «ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል» ካለን በኋላ ዝም አለ።

ሐረግ ለምን እንደ ተፈጠረ እናውቃለን። ስሙ እንደሚነግረን ከዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው፤ አባቶቻችን ከዱር አምጥተው በመጽሐፍ ራስ ላይ ተከሉት። የወንጌሉ ወይም የመዝሙሩ የመጀመሪያ ቃል ከመነበቡ በፊት ዓይን በሐረጉ ውስጥ ጥቂት ይመላለሳል፤ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው በበሩ ላይ ቆሞ እንደሚያማትብ ያለ ነገር ነው። የሩቁን ትተን የቅርቡን ብንጠቅስ፣ በዚሁ በሎስ አንጀለስ በጌቲ ሙዚየም በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ከ500 ዓመታት ገደማ በፊት የተሠራ ወንጌል አለ። ከገጹ ላይ ያለው ጥልፍልፍ በመርፌ የተሠራ እንጂ በብርዕ የተሳለ አይመስልም። እነዚያ ጸሐፍት አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም፤ የሲጋር ቀለበት ነዳፊዎችም እንደዚሁ ስማቸው አይታወቅም። ልዩነቱ የአንደኛው ሥራ አምስት መቶ ዓመት ሲኖር የሌላው ግን ከአንድ ምሽት በኋላ በአመድ ማስቀመጫ ውስጥ መገኘቱ ነው።

በክርክራችን ጊዜ አንዳንዶች ይህ የአሜሪካ ፈተና ነው አሉ። እንዲህስ አይደለም። በአገራችን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ደብተሮች ዳዊት በሚጽፉበት ብርዕ ክታብ ጽፈው፣ ሐረግና ባለ ሰይፍ መልአክ ስለውበት በገንዘብ ይሸጡ እንደ ነበር ማን ይክዳል? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስማትን በብርቱ ቢቃወሙም ክታቡ ከአንገት አልወረደም። በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካም የታላቁን ሰማዕት የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ይዞ፣ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል በጠርሙሱ ላይ ለጥፎ እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና ከወዳጆቻችን ጋር ተቀምጠን ያንን ጠርሙስ ያልያዘ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ቅዝቃዜው ወረቀቱን ሲያረጥበው በጥፍራችን እየላጥን ጨዋታችንን እንቀጥላለን። በቤታችን በሥዕሉ ፊት ሻማ የምናበራለትን ሰማዕት በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጠቅልለን ስንጥለው ግን አንድም ቀን እጃችን አልተንቀጠቀጠም።

ትምባሆንም በሚመለከት ታሪካችን ቀጥተኛ አይደለም። በልጅነታችን ሽማግሌዎች ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ሲሉ ሰምተናል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚወስደውን አፍንጫውን እስከ ማስቆረጥ የደረሰ ቅጣት ያዝዙ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ዛሬ ያንን ፍርድ የሚያወድስ ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። እርሳቸው ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል በመንግሥት ተቋቋመ። ግስላና ኒያላ የተባሉት ሲጋራዎች የዱር አራዊታችንን ስም ተሸከሙ። ኒያላ በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው፤ በአሥር ሳንቲማችንም ላይ ተቀርጿል። ነገር ግን አጋዘኑን በተራራው ላይ ካየው ሰው ይልቅ በፓኮው ላይ ያየው እጅግ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ 40 በመቶውን፣ በሚቀጥለው ዓመትም አብላጫውን ድርሻ ገዛ። ስሙ እንኳ ተሽጧል ማለት ነው።

«ወረቀት ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ግን አያስኬድም። ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ባልተጨነቁበት ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 በትምባሆ መጠቅለያ ላይ ጌጥ ሁሉ እንዲቀር ስታደርግ የሲጋሩን ቀለበት እንኳ አልማረችም፤ እርሱም ማንም በማይወደው ደብዛዛ ቡናማ ቀለም እንዲሆን አዘዘች። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን ደነገገ። ሕግ አውጪዎቹ ያወቁት ነገር ለሠዓሊ አዲስ አይደለም። ቅጠሉ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው የለበሰው ልብስ ነው። ጌጥ የሚሠራ ሰው ለሚያስጌጠው ነገር ይመሰክራል፤ ቦክም ቀለበቱን ያጠለቀው ለመመስከር ነበርና።

ወንድማችንን እንቅልፍ የነሣው ይህ ይመስለናል። ሐረግ በራሱ ቅዱስ አይደለም፤ በገበታ ላይና በነጠላ ጥለት ላይ ቢወጣ ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት «ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን በአክብሮት ተቀበል» ሲል ኖሯል፤ ከሌላ ጌጥ የሚለየውም ይህ ነው። በሲጋሩ ላይ ሲጠመጠም ይህንኑ ቃል ይናገራል፤ ከቀጥሎው የሚመጣው ግን ጢስ ነው። ሽማግሌው «የየትኛው ዳዊት ነው?» ብለው ሲጠይቁ አልተሳሳቱም፤ ሐረጉ እንደ ልማዱ ተናግሯቸዋል። ስለዚህ ሐረጉን ለነጋዴው አትስጥ እንለዋለን። በዚህ አንጠራጠርም።

ሐረግ የሌለበት፣ ፊደልና መስመር ብቻ ያለበት ቀለበት ቢነድፍስ? በዚህ ነጥብ ላይ ድምፃችን ይወርዳል። ሽማግሌው ያንንም ከለከሉ፤ «መርዝ በወርቅ ጽዋ ብታቀርበውም በሸክላ ብታቀርበውም መርዝ ነው» አሉ። ያን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ በነዳጅ ማደያ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሜ የምሸጠው ሲጋራ ነው። ለእናቴ የምልከው፣ በሙዳየ ምጽዋት የምጨምረውም ከዚያው ነው። እርሱ ሥዕል ስለሳለ ከተኮነነ እኔ ምን ልባል ነው?» አለቻቸው። የመለሰላት አልነበረም። ከመካከላችን በማደያና በመጠጥ መደብር ያልሠራ ቤተሰብ ብንቆጥር ከአንድ እጅ ጣት ባልበለጠ ነበር። ሽማግሌው እውነት ተናገሩ፤ እኅታችንም እውነት ተናገረች። ሁለቱን እውነቶች የሚያስታርቅ ቃል ፈልገን አላገኘንም፤ ያገኘን መስለን ለመታየትም አንወድም። የምንለው ይህን ያህል ነው፤ የሚሸጥ ሰው ለመጣው ገዢ ያቀብላል፤ የሚያስጌጥ ግን ገና ያልመጣውን ይጠራል። ልዩነቱ ቀጭን ነው፤ በእርሱ ላይ ተደግፎ ወንድሙን መኮነን ግን አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብንተወው ደስ ባለን ነበር። ይህች በእጃችሁ ያለችው መጽሔት በሽፋኗ ላይ የምትሸከመው ሐረግ የዚሁ ወንድም የእጅ ሥራ ነው። የአጥቢያችንን የቀን መቁጠሪያ፣ የክርስትናውንና የጋብቻውን የምስክር ወረቀት፣ የጥምቀት በዓሉን መጥሪያ የነደፈልን እርሱ ነው። ለዚህ ሁሉ የከፈልነው «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ለማተሚያው፣ ለፖስታውና ለአዳራሹ ኪራይ ሒሳብ አለን፤ ለሐረጉ ግን የለንም። ዋጋ ሊሰጠው የመጣው ነጋዴው ነው። እጁን የምንከለክለው እኛ ከሆንን፣ ቢያንስ የሥራውን ዋጋ እንክፈል ብለን ለአስተዳደር ጉባኤው ጥያቄ አቅርበናል።

ነጋዴው መልስ የሚጠብቀው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በሚውለው ሰኞ ነው። ጉባኤው የሚሰበሰበው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው።