የማይወርድ ጉርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የቅዱስ ጳውሎስን አካል የነካ ጨርቅ ድውያንን ይፈውስ ነበር። ልጁ ጢሞቴዎስ ሆዱን ሲታመም ግን ሐዋርያው የላከለት ጨርቅ ሳይሆን ምክር ነው፤ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ጻፈለት። እምነት ጎድሏቸው ነበርን? ታዲያ ሐኪም የምትፈልግን እህት «እምነትሽ ደከመ» የምንላት በምን ሥልጣን ነው?

አካሌዥያ የሚባል ሕመም አለ። በዓመት የሚያዘው ከ100,000 ሰው አንድ ገደማ ነው። በምግብ መውረጃው ቧንቧ ግርጌ ያለው ጡንቻ ስንውጥ መላላት ሲገባው አይላላም፤ ቧንቧውም ምግቡን ገፍቶ ማውረድ ያቅተዋል። እንጀራው ብቻ ሳይሆን ውኃውም ደረት ላይ ይቆማል። ሌሊት ወደ አፍ ይመለሳል፣ ያስላል፣ ያከሳል። ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ኢንዶስኮፒም መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ በደንብ የሚለየው የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ነው። ጨርሶ ባይጠፋም ሕክምና አለው፤ በፊኛ ይሰፋል፣ ወይም ጡንቻው ይቆረጣል። ቀዶ ሕክምናው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1913 ጀምሮ የታወቀ ነው።

በዕረፍት ቀን ተሰብስበን ስንበላ ከማዕዱ የምትሸሽ እህት ስትኖር «ቡዳ በልቷት ነው» እንላለን። (ጉርሻ የምናበዛባትም አለን፤ ፍቅር መስሎን።) እርሷም አፍራ ትደብቃለች።

በቅፍርናሆም ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ አፍርሰው አወረዱት። ጌታ የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው። በስደት አገር ብርቅ ሕመም የያዛት ሴት ብቻዋን ጣሪያ አታፈርስም። አረብኛ የምትችል አብራት ትሂድ። ሌላዋ ማዳሟን ፈቃድ ትለምንላት። አንዷ ምልክቱን በወረቀት ትጻፍላት፦ መቼ ጀመረ፣ ውኃም ይቆማል ወይ፣ ስንት ኪሎ ቀነሰች። ሐኪሙን ከ«ጨጓራዬን ያመኛል» ይልቅ ይህ ይረዳዋል። ማኖሜትሪ በየክሊኒኩ ስለማይገኝ ወደ ጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት እንዲልካት በግልጽ ይጠየቅ።

ጸበሉን ሐኪም አይከለክለውም፤ በብዛት መጠጣት ካስቸገራት ግን ለካህኑ ትንገር። ጾሙንም እንደ ጤነኛ እንድትጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድዳትም። «ይመለስብኛል» ብላ ከቅዱስ ቁርባን የራቀች ካለች ደግሞ ብቻዋን አትወስን፤ ሐኪሙ ያላትን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ትምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።