ቁስለኛውን ማን ነህ ማለት

ለመሆኑ አንድ ሐኪም የሚያክመውን ሰው ማንነት ማወቅ ይኖርበታልን? «እንዴታ! ዕድሜውን፣ የደሙን ዓይነት፣ ያለፈ በሽታውን ሳያውቅ ምኑን ያክማል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ያወቀው ነገር ደስ ባያሰኘውስ? ካወቀ በኋላ እጁን መሰብሰብ ይችላልን?

ጥያቄው ከመጻሕፍት መደርደሪያ የወረደ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 1987 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ኦገስት 7 ቀን 1995) በዋሽንግተን ዲሲ፣ ዛሬ ዘመድ የሌለው አንባቢ ጥቂት በሆነባት በዚያች ከተማ፣ የመኪና አደጋ ደረሰ። ከተጎዱት አንዷ ታይራ ሀንተር የተባለች የ24 ዓመት ጸጉር ሠሪ ነበረች። ታይራ በወንድ አካል ተወልዳ፣ ከልጅነት ዕድሜዋ ጀምሮ በሴትነት የኖረች፣ ዛሬ ትራንስጀንደር የሚባሉት ወገን ነበረች። ከእሳት አደጋ መከላከያ የመጣው የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ ቁስሏን ለማየት ልብሷን ሲቀድድ ያልጠበቀውን አየ። በስፍራው የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደመሰከሩት፣ ሰውየው ሥራውን አቋርጦ አፈገፈገ፤ ስድብና ፌዝም ተናገረ። የተሰበሰበው ሰው ተማፀነ። እርዳታው በኋላ ቢቀጥልም ታይራ በዚያው ቀን በዲሲ ጄኔራል ሆስፒታል አረፈች። እናቷ ከተማውን ከሰሱ፤ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የተሰየሙት የሕዝብ ዳኞችም በአደጋው ቦታ የተፈጸመውን በደልና በሆስፒታሉ የታየውን የሕክምና ጉድለት አይተው ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረዱላቸው።

እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ የልብስ መቀደድ ቅጽበት ናት የምታስጨንቀኝ። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ላስታውስ። ወንበዴዎቹ መንገደኛውን ደብድበው ብቻ አልተዉትም፤ ልብሱንም ገፈፉት። በዚያ ዘመን የሰው ወገኑና ማዕረጉ የሚታወቀው ባብዛኛው በልብሱ ነው። ስለዚህ ሳምራዊው የደረሰበት ቁስለኛ የእገሌ ወገን ለመባል ምልክት አልነበረውም፤ ራቁቱን ሲቀር ሰው ብቻ ሆነ። በዋሽንግተን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ልብሷ ሳይቀደድ ሰው የነበረችው፣ ስትራቆት ሰውነቷ አጠያያቂ ሆነ። ያውም ልብሱ የተቀደደው ለመርዳት ነው!

«የሕክምና ሠራተኛም ኅሊና አለው፤ የማያምንበትን አድርግ ተብሎ ሊገደድ አይገባም» የሚል ክርክር ይነሣል። አልንቀውም። ነገር ግን ኅሊና አንድን ሥራ አልሠራም ሊል ይችል ይሆናል እንጂ፣ ለሁሉ የሚሠራውን ያንኑ ሥራ ለእገሌ አልሠራም የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። ደም ማቆም ደም ማቆም ነው። ያ ሰው በዚያች ሰዓት የጠየቁት እምነቱን እንዲለውጥ አልነበረም። ስለ ታይራ አኗኗር የፈለገውን እያሰበ ቁስሏን መጫን ይችል ነበር።

ጉዳዩ ሆርሞን ላይ ሲደርስ ይከብዳል፤ ሥራው ራሱ አከራካሪ ነውና። ይሁን እንጂ በር የተዘጋባት ሴት መድኃኒቱን ትተዋለች ማለት አይደለም። ከጓደኛ ትቀበላለች፣ ከጥቁር ገበያ ትገዛለች። ኤስትሮጅን ደም የማርጋት አደጋ አለው፤ መጠኑን የሚለካና ደሟን የሚመረምር ከሌለ አደጋው ይብሳል። እንግዲህ እምቢታው ያስቀረው መድኃኒቱን ሳይሆን ሐኪሙን ነው። ሌላም አለ፦ እንዲህ ያለች ሴት ቀዶ ሕክምና ብታደርግም እንኳ ፕሮስቴቷ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። መዝገቡ «ሴት» ስለሚል ለምርመራ የሚጠራት የለም፤ «ወንድ» ካለ ደግሞ ካርድ ክፍሏ «አቶ እገሌ!» ብላ ስትጣራ ቀሚስ የለበሰች ሰው ትነሣለች፤ ተራ ጠባቂው በሙሉ ዞሮ ያያል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። ግሳችን ለ«አንተ» እና ለ«አንቺ» ጾታ ሳይለይ አይረባም። «እርስዎ» ሲል ግን ጾታ አይጠይቅም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ምን ያምዎታል?» የሚል ሐኪም አክብሮቱን ከሰጠ በኋላ ወንድ ይሁን ሴት መወሰን አላስፈለገውም። አባቶቻችን ለዚህ ብለው ያበጁት ባይሆንም ያገለግላል።)

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ወንዶችንም ሴቶችንም ጨምሮ 6,450 ትራንስጀንደር ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 19 በመቶው በማንነታቸው ሳቢያ ሕክምና ተከልክለው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ግማሾቹ ሐኪማቸውን ስለ ራሳቸው ማስተማር ነበረባቸው። 28 በመቶው ደግሞ መገለልን ፈርተው፣ ታመው ወይም ተጎድተው ሳሉ ወደ ሐኪም መሄዱን አዘገዩ።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። የታይራ እናት ፍርድ ቤት ሊቆሙ የቻሉት ልብስ የቀደደ እጅ፣ ያፈገፈገ ሰው፣ ያየ ምስክር ስለነበረ ነው። ትኩሳቷን ይዛ በሯን ዘግታ የተኛችውን ግን ማንም አልሰደባትም፤ ማንም አላፈገፈገባትም። በእርሷ ጉዳይ ማን ይከሰሳል?