አሠልጣኝ የሚያሠለጥነው እግርን ነው ወይስ ሰውን?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ የሚያስገባው ጎዳና ድል አድርገው የተመለሱ ሯጮቻችንን በእልልታ ሲቀበል ኖሯል። በዚሁ ጎዳና ዳር የቆመው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሕንፃም የሩጫ ፍሬ ከሜዳ ውጭ ሊታይ እንደሚችል ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በምሥራቅ አዲስ አበባ በማለዳ ሲሮጡ ከምናያቸው ወጣቶች መካከል ለዚህ ክብር የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ አሠልጣኝ ለቀሩት ያለበት ዕዳ ምንድን ነው?

የአሠልጣኝ ሥራ ማሸነፍን ማስተማር ብቻ ነው፤ ስለ ትምህርቱ፥ ስለ ገንዘቡና ስለ ጭንቀቱ ወጣቱ ራሱ ይወቅበት የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ከጥቅም አንጻር እንኳ ቢመረመር ስሕተት ነው። የሰው አካልና መንፈስ በግድግዳ አልተለያዩም። እንቅልፍ ያጣ፥ በቤት ኪራይ የሚጨነቅ፥ ያላነበበውን ውል የፈረመ ወጣት ልምምድ ቢበዛበት ድካሙ እንጂ ኃይሉ አይጨምርም። ብርታት የሚገኘው ከሩጫው ብቻ ሳይሆን ከምግቡና ከዕረፍቱም ነውና።

ከጥቅም በላይ ግን የግብረ ገብ ጉዳይ አለ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ. ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ. ም. በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆነው፥ ድሉን ደገመው። በ1961 ዓ. ም. ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ከታከመ በኋላ በ1962 ዓ. ም. በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ. ም. በኖርዌይ በተደረገ የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በእርሱ የሠለጠነው እግሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ከዚያ አደጋ በኋላ ለውድድር የሚቀርብ አበበ ባልተገኘ ነበር።

እግር ለጥቂት ዓመታት የተሰጠ ብድር ነው፤ አደጋ ባይወስደው ዕድሜ ይወስደዋል። ስለዚህ አሠልጣኝ ሰዓት ሲይዝ፥ «ምን በላህ? ምን ተማርህ? ሩጫው ሲያበቃ በምን ትኖራለህ?» ብሎ መጠየቅም ግዴታው ነው። ሜዳልያ ያገኘውን ወጣት አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። ያላገኘውን ግን የሚያስታውሰው አሠልጣኙ ነውና፥ የሙያውን ክብር ከዚያ ወጣት የኋላ ኑሮ ላይ እንመዝን።