ሒሳብን በጐልማሳነት ስለ መማር

ሰው ባለማወቁ ለሠራው በደል ተጠያቂ ነውን? ይህ ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ እንጂ ከሒሳብ ክፍል የሚነሣ አይመስልም። ለእኛ ግን የተነሣብን አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ በምትባለው ከተማ፣ ቅዳሜና እሑድ በሚሰጠው የኮሌጅ ትምህርት ከሰሌዳው ፊት ተቀምጠን ሳለን ነው።

ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስን ብዙ ዓመት አልፏል። ወደ ትምህርት የተመለስነውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዕውቀት ጠምቶን ሳይሆን ለደረጃ ዕድገት ማስረጃ ስለ ተጠየቅን ነው። ሒሳብንማ እንደ ኮሶ ዐይናችንን ጨፍነን ልንጠጣው ነበር ያሰብነው። ወላጆቻችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከልጆች ዘንድ ፊደል ሲቈጥሩ አላፈሩም፤ እኛ ግን በዕድሜ ከምታንሰን መምህርት ፊት እናፍር ስለ ነበር የመጨረሻውን ወንበር መርጠን ተሸሸግን።

አንድ ቀን መምህርታችን ቁጥር ተካፍሎ ስለሚተርፈው ቀሪ ስታስተምር፣ በልጅነታችን ከየኔታ የተማርነው ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለን። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ወንበር በ11 ሲባዛ አበቅቴን፣ በ19 ሲባዛ መጥቅዕን ይሰጣል፤ ሁለቱም 30 30 እየተባለ ይገደፋሉ። የ2016 ዓ.ም. ወንበር 10 ነበር፤ 110 ሲገደፍ አበቅቴ 20፣ 190 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ሆነ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 መሆናቸውን በቃላችን እናውቅ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

በዚያች ሌሊት፣ ልጆቻችን ከተኙ በኋላ፣ እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ምሥጢሩ ለካ ቀላል ነው፤ 11ና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ ወንበሩ ምንም ቢሆን የሁለቱ ድምር በ30 በ30 የሚቈጠር ነው። ይህን ያህል ዘመን በቃላችን የተሸከምነው ነገር ምክንያት ነበረው! ባለቤታችንን ቀስቅሰን ብንነግራት «ነገ አይደርስም?» ብላ ዞራ ተኛች፤ እኛ ግን ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ አልወሰደንም።

በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱ ስለ መቶኛ ነበር። «ለምን» ማለትን አንዴ ለምደን ስለ ነበር፣ በመሥሪያ ቤታችን የተጨማሪ እሴት ታክስ የምናሰላበትን መንገድ እንመረምር ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሂርና ሽማግሌ ነጋዴ ከነታክሱ 230,000 ብር የሸጡበትን ደረሰኝ አቅርበው ነበር። እኛ የ230,000ን 15 በመቶ አስልተን 34,500 ብር ጻፍንባቸው። ሐጂ ግን «ዕቃዬ 200,000 ነው፤ ታክሱን በላዩ ጨመርሁ፤ እንግዲህ 30,000 ነው» ብለው ተከራከሩ። እኛም በሕግ ስም ገሥጸን አሰናበትናቸው። ከነታክሱ የተሸጠ ዋጋ 100 እጅ ሳይሆን 115 እጅ ነው፤ ታክሱም ከ115ቱ 15ቱ ነው። ስለዚህ እውነቱ ከሐጂ ጋር ነበር፤ 4,500 ብር ያለ አግባብ ተከፍሏል።

መጀመሪያ «ባለማወቅ ነው» ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞክረን ነበር። ነገር ግን የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ የሚጐዳው ራሱን ነው፤ የእኛ አለማወቅ ማኅተም ነበረው። ደግሞም ሐጂ ከተናገሩበት ሰዓት ጀምሮ የጐደለን ዕውቀት ሳይሆን ለመስማት መፍቀድ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በሌሊት ያስደሰተን ያው «ለምን» በሌላ ቀን ከሳሻችን ሆኖ መጣ፤ አንዱን ወድዶ ሌላውን መሸሽ የሚቻል አልመሰለንም።

ስለዚህ ስሕተቱ የእኛ መሆኑን ጽፈን፣ ፈርመን ለበላይ አቀረብን። ያሰብነው የደረጃ ዕድገት ምን እንደሚሆንም አሰብንበት፤ ባናስብ ውሸት ይሆናል። ከትምህርት መልስ በሚኒባስ ሂርና ወርደን ሒሳቡን በወረቀት ለሐጂ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉና «ልጄ፣ ያን ጊዜም ይህንኑ ነግሬህ ነበር» አሉን። ቀጥለውም ማን እንዳስተማረን ጠየቁ። በዕድሜ የምታንሰን አንዲት ወጣት መሆኗን ነገርናቸው። ሳቁና ሻይ አስቀዱልን። ከበላይ የሚጠበቀው መልስ ገና አልመጣም።