ድርሻውን ያልወሰደ ፖሊስ



ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ለረጅም ዘመን ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ አባት ወደ እኛ መጥተው ምክር ጠየቁን። ልጃቸው ፖሊስ ነው። በሚሠራበት ቦታ ከባለ ጉዳዮች የሚሰበሰብ ገንዘብ በየወሩ ለባልደረቦቹ ይከፋፈላል። ልጁ ድርሻዬን አልወስድም ካለበት ቀን ጀምሮ አብሮት ሻይ የሚጠጣ እንኳ ጠፋ። «አትስረቅ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉን አባትየው። «አሁን ደግሞ ዝም ብለህ ተቀበልና ለድሀ ስጠው ልበለው? ወይስ እንዲጎዱት ልተወው?» ያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ ልባችንን አላሳረፈውምና በጽሑፍ ልንመለስበት ወደድን።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው እንደ ጠየቁት ይተርካል። ዮሐንስ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው። ሥራችሁን ተዉ ግን አላላቸውም። የጸጥታ ሥራ በራሱ የተከበረ ሥራ ነውና። አንድ ነገር ደግሞ እናስተውል፤ ወታደሮቹ ጥያቄውን ያቀረቡት በአንድነት ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ሳይጠይቁ ብቻውን ለሚጠይቅ ሰው መንገዱ እጅግ ይከብዳል።

ይህ ክብደት በግልጥ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ከተማ ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፍራንክ ሰርፒኮ ከኢጣልያ ከፈለሱ ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ በ1959 የከተማዋን ፖሊስ ተቀላቀለ። በ1966 ሲቪል ለባሽ ሆኖ ሲሠራ 300 ዶላር የያዘ ፖስታ ተሰጠው። ገንዘቡ ከቁማር አጫዋች የመጣ ነበር። ሰርፒኮ ወደ አለቆቹ ሄደ፤ አለቆቹም ነገሩን ቢረሳው እንደሚሻለው ነገሩት። ዴቪድ ደርክ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው ተመላለሰ። እስከ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት ደረሱ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሚያዝያ 1970 ጉዳዩን በፊት ገጹ አወጣው። ከንቲባው በሕግ ባለሙያው በዊትማን ናፕ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ያቋቋሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሚሽኑ በ1972 ያወጣውን የመጨረሻ ዘገባ ያነበበ ሰው የሚደነግጠው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በሥርዓቱ ጥንቃቄ ነው። ሲቪል ለባሾቹ ከቁማር ቤቶች በየወሩ የሚሰበስቡት ድርሻ በአንዳንድ የማንሃታን ሰፈሮች ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 400 ዶላር፣ በሃርለም ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ይደርስ ነበር። የበላይ ተቆጣጣሪው አንድ ድርሻ ተኩል ያገኛል። አዲስ የተመደበ ፖሊስ ታማኝነቱ እስኪጣራ ድረስ ለሁለት ወር ያህል ምንም አይሰጠውም፤ ክፍሉን ለቆ ሲሄድ ግን የቀረበት የሁለት ወር ድርሻ ይከፈለዋል። እስቲ ታማኝነት የሚለውን ቃል ተመልከቱት! ሌብነት እንኳ ያለ ታማኝነት አይቆምምና ቃሉን ከእኛ ተበደረው።

ኮሚሽኑ ጉቦ ተቀባዮቹን በሁለት ከፍሎ አያቸው። «ሥጋ በላዎቹ» ገንዘብ እያሳደዱ የሚያድኑ ናቸው፤ «ሣር በላዎቹ» ግን እጃቸው ላይ የወደቀውን ብቻ የሚቀበሉ ናቸው። ዋነኛው ችግር ሆነው የተገኙት ጥቂቶቹ ሥጋ በላዎች ሳይሆኑ ሣር በላዎቹ ናቸው፤ ብዛታቸው ነውሩን የተከበረ አስመስሎታልና፤ እውነቱን የሚያወጣውን ሰው ከዳተኛ የሚያሰኘውም ዝምታ የሚጸናው በእነርሱ ነው። ጥቂት የበሰበሱ ፖም ፍሬዎች ናቸው የሚለውን የቆየ ማመካኛ ኮሚሽኑ አልተቀበለውም።

ሰርፒኮ በየካቲት 1971 በብሩክሊን አደንዛዥ ዕፅ ሻጭ ለመያዝ በሄደበት ፊቱን በጥይት ተመታ። እርሱ እንደሚተርከው፣ ደም እየፈሰሰው ሳለ እርዳታ የጠራለት በጎረቤት የሚኖር ሽማግሌ እንጂ የሥራ ባልደረባው አልነበረም። ከሞት ተርፎ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በኮሚሽኑ ፊት መሰከረ። በ1972 ሥራውን ተወ። የተሰጠው ሜዳሊያ የምስክር ወረቀት የተከተለው በ2022 ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አዲሱ የፖሊስ ኮሚሽነር ፓትሪክ መርፊም አዛዦች የበታቾቻቸው ጥፋት እንዲጠየቁበት አደረጉ፤ ብዙም ተሻሻለ። ሆኖም ከ1992 እስከ 1994 ሌላ አጣሪ ኮሚሽን ማቋቋም አስፈልጎ ነበር። ተጠያቂነት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ግንብ አይደለም፤ እንደ ጎጆ ክዳን በየጊዜው ይታደሳል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1984 ስለ ዕርቅና ስለ ንስሐ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ማኅበራዊ ኃጢአት የብዙ ግለሰቦች ኃጢአት ክምችት መሆኑን አስተምረዋል። ክፉን ማስቀረት እየቻሉ በፍርሃት ወይም በዝምታ ያለፉትንም ከዚሁ ቈጥረዋቸዋል። እንግዲህ ሣር በላው ማን ነው? ጉቦ ተቀባይ ያለ ሰጪ አይኖርም። በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ፣ የመቃብሩ ጠባቂዎች ያዩትን እንዲደብቁ ብዙ ገንዘብ የሰጧቸው የቤተ መቅደስ አለቆች ናቸው፤ ከገዢውም ቁጣ እናድናችኋለን ብለው ተስፋ ሰጧቸው። ለጠባቂው ገንዘብ ያቀረቡት የጸሎት ቤት ሰዎች ነበሩ፤ እንደ እኛ ያሉ። በሐዋርያት ሥራ ደግሞ ገዢው ፊልክስ ገንዘብ እየጠበቀ ቅዱስ ጳውሎስን ሁለት ዓመት በእስር አቆየው። ጳውሎስም አልከፈለም። እኛ ግን በአንድ ወቅት መኪናችን መንገድ ላይ ሲቆም፣ ለቅዳሴ እንዳንዘገይ በሚል ሰበብ ብሩን አጥፈን መንጃ ፈቃዱ ውስጥ ከትተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረትም በሰርግ ቤት ስንሰማ ከሳቁት መካከል ነበርን።

ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ገንዘቡን ተቀብሎ ለድሀ መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰደው ከዚያው ከድሀው ነውና። ልጁ ሳይዘጋጅ ወደ አደጋ ይግባ ብለንም አናዝዝም። ያየውን ከነቀኑ ይጻፍ፤ ሰርፒኮና ደርክ ሁለት እንደ ነበሩ ሁሉ እርሱም ቢያንስ አንድ ጓደኛ ይፈልግ፤ አቤቱታውንም ከተካፋዮቹ አለቆች ውጭ ላለ አካል ያቅርብ። ቁምስናውስ? ብቻውን የቆመውን ሰው ቤቱ ሄዶ መጠየቅ የካህኑም የካቴኪስቱም ሥራ ነው። ሰባተኛውን ትእዛዝ የምታስተምሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ በሌሊት ግድግዳ ስለሚሰረስረው ሌባ በምትናገሩበት ሰዓት በመንጃ ፈቃድ ውስጥ ስለሚታጠፈውም ብር ተናገሩ።

ልጁ ዛሬም በሥራው ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግኝተነው ነበር፤ የሌሊቱን ተራ ሁሉ ለእርሱ እንደ ሰጡት ነገረን። በሚመጣው ሳምንት ከአባትየውና ከሁለት የቁምስናው ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ቤቱ ልንሄድ ተቃጥረናል።