ሁለት አንጋፋ ፕሮሰሰር ለሚያማርጥ የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላልና ኪስህን ከመፍታትህ በፊት መጠየቅህን ወድጄልሃለሁ። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ለምትከፍተው የሠርግ ቪዲዮ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዛ ነው። አንዱ ሻጭ ኢንቴል ኮር አይ7 7700ኬ፣ ሌላው ኤኤምዲ ራይዘን 7 1800ኤክስ የተገጠመለት አቅርቦልሃል። እኔም ከጡረታ ወዲህ ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው፤ የማውቀውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ የትውልዳቸውን ነገር እወቅ። ሁለቱም የ2009 ዓ.ም. እኩዮች ናቸው። 7700ኬ ታኅሣሥ 25፣ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወጣ። 1800ኤክስ ደግሞ የካቲት 23፣ እኛ 121ኛውን የዓድዋ ድል ስናከብር ለገበያ ቀረበ። ኤኤምዲ ከዚያ በፊት ለዓመታት በኢንቴል ሲበለጥ ኖሮ ነበር። ኢንቴልም ተፎካካሪ በማጣቱ ለብዙኃኑ የሚሸጠውን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አሥር ዓመት ያህል ከአራት ኮር አላሳለፈውም። ስምንት ኮር የፈለገ ሰው 6900ኬን ከ1,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ይገዛ ነበር። 1800ኤክስ ስምንቱን ኮር በ499 ዶላር ይዞ ሲመጣ ገበያው ተናወጠ። ኢንቴልም ዓመቱ ሳይሞላ ስድስት ኮር ያለውን 8700ኬ አወጣና 339 ዶላር የነበረው 7700ኬ የበላይነቱ ከዘጠኝ ወር አልዘለለም።

አሁን ወደ ጉልበታቸው እንምጣ። 7700ኬ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ ፍጥነቱ ከ4.2 እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ ነው። 1800ኤክስ ስምንት ኮርና አሥራ ስድስት ትሬድ አለው፤ ፍጥነቱ ግን ከ3.6 እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ ነው። ከደጅህ ያለውን መናኸሪያ ተመልከት። አንድ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ለማድረስ ፈጣኑ መኪና ይበቃል፤ የበዓል ዋዜማ ሕዝብ ለማጓጓዝ ግን ትንሽ ቀሰስ ቢሉም ብዙ መኪኖች ይሻላሉ። ፎቶ ስታሳምር፣ ጌም ስትጫወት፣ አንድ ሥራ ብቻ ስትሠራ 7700ኬ ይቀድማል። በብሌንደር ሬንደር ስታደርግ፣ ቪዲዮውን በፕሮሰሰሩ ጉልበት ስታወጣ፣ ሦስት አራት ፕሮግራም ከፍተህ ስትሠራ ደግሞ 1800ኤክስ ጥሎት ይሄዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ነገር ግን አትቸኩል፤ ኢንቴሉም የራሱ ሞያ አለው። በውስጡ ኤችዲ 630 የሚባል ግራፊክስ ስላለው ካርድ ባይኖርህም ስክሪንህ ይበራል። ኩዊክ ሲንክ የሚሉት ክፍሉም ካሜራ የቀረጸውን የኤች264 እና የኤች265 ቪዲዮ በቀላሉ ይፈታል፣ መልሶም ያሽጋል፤ ይህ ለሠርግ ቪዲዮ ትልቅ እርዳታ ነው። 1800ኤክስ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ከሌለው ወይም ካርዱ ከተቃጠለ ማሽኑ ቢነሳም ምስል አታይም፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ካርድ ፍለጋ ትሮጣለህ። ስለዚህ ራይዘኑን ያለ ግራፊክስ ካርድ «ረከሰልህ» ቢሉህ ዋጋው ገና ተቆጥሮ አላለቀም።

የሙቀቱን ነገር በተለይ አደራ እልሃለሁ። ሁለቱም ከፋብሪካ ሲሸጡ ማቀዝቀዣ በካርቶናቸው ውስጥ አልነበረም፤ ያሁኑ ፋን የቀድሞው ባለቤት የመረጠው ነው። በወረቀት ላይ የአንዱ 91፣ የሌላው 95 ዋት ስለሆነ በመብራት ሂሳብ ብዙ አይለያዩም። 7700ኬ ግን ከብረት ክዳኑ ሥር ያለው ፔስት እንጂ ብየዳ ስላልሆነ ሙቀቱ ድንገት ሽቅብ ይዘላል። 1800ኤክስ የተበየደ ነው፤ ነገር ግን ለፋኑ ሲል ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ጨምሮ የሚያሳይበት ቁጥር አለና አይተህ አትደንግጥ። ላምበረት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ያንሳል። የእንጦጦ ብርድ ይክሰዋል ብለህ ችላ አትበል፤ ቀን ላይ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብርዱ የለም፣ የመንገዱ አቧራ ግን አለ። ገና እንደገዛህ አቧራውን አራግፈህ ፔስቱን ቀይር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ።

ፍርዱ የሚሰጠው ግን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ከሥሩ ባለው ማዘርቦርድ ነው። የ7700ኬ ማዘርቦርድ መንገዱ እዚያው ያበቃል፤ 8700ኬ በመልክ ያው የ1151 መቀመጫ ላይ ቢያርፍም ሌላ ማዘርቦርድ ይፈልጋል። የ1800ኤክስ መቀመጫ ኤኤም4 ግን ረጅም ዕድሜ ተሰጠው። ኤኤምዲ እንደ ፈረንጅ በ2022 ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ ማዘርቦርዶች ሳይቀር የራይዘን 5000ን መንገድ ከፈተላቸው። ባዮሱን አድሰህ፣ ነገ ገንዘብ ስታገኝ ፕሮሰሰሩን ብቻ በ5600 ወይም በ5700ኤክስ ትለውጣለህ። ይህ ደግሞ ለዊንዶውስ ነገርም መፍትሔ ነው። ዛሬ የምታማርጣቸው ሁለቱም በማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከኢንቴሉ ጋር ከሆንክ ማምለጫህ ሊኑክስ ወይም ሙሉ ቅያሪ ነው። ከራይዘኑ ጋር ግን አንድ ቺፕ መለወጥ ይበቃሃል።

እንግዲህ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። የማዘርቦርዱን ስምና ሞዴል ጽፈህ ያዝ፤ በአምራቹ ገጽ ላይ ራይዘን 5000ን የሚቀበል ባዮስ እንዳለው አረጋግጥ። የራይዘኑ እግሮች በራሱ በፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ አስፈታና አንድም የተጣመመ እንደሌለ እይ። ሲፈታም ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ ይሙቅ፤ ፋኑ በቀስታ እየተጠመዘዘ ይነሳ። በግድ ከተሳበ ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ነቅሎት ይወጣል። በኢንቴል እግሮቹ ያሉት በማዘርቦርዱ መቀመጫ ውስጥ ስለሆነ እዚያ ነው የምታየው። ከዚያ የራስህን ቪዲዮ በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ሬንደር አስደርገው። «እሺ ነገ» የሚልህን ተወው። ባዮስ ስታድስ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ እንዳትነካው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ በድን ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ቁጠባን አትርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ናረ፤ ተሳስቶ መግዛት የድሮው ዓይነት ጉዳት ብቻ አይደለም። ያለህን ሁሉ ለፕሮሰሰር አውለህ ለ32 ጊጋ ራም፣ ለኤስኤስዲና ለዩፒኤስ ሳታስቀር እንዳትቀር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እያልክ ብታዝን ማንም አይመልስልህም። «ከዚህ ጨምረህ ከዱባይ የመጣውን አዲሱን ውሰድ» ብሎ የሚገፋህም አይጠፋም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን አስብ።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው። ራይዘኑ ከደህና ግራፊክስ ካርድ ጋር ከመጣና ማዘርቦርዱ ራይዘን 5000ን የሚቀበል ከሆነ፣ ከኢንቴሉ ጥቂት ቢወደድም እሱን ውሰድ። ካርድ ከሌለውና ለካርድ የሚሆን ገንዘብ ከሌለህ 7700ኬን በርካሽ ግዛ፤ ሠርተህ ስታተርፍ ትሸጠዋለህ። ከሁለቱ አንዱንም በራስህ ቪዲዮ ሳትፈትን ግን ቀብድ አትክፈል።