በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሰው

አንድ ሠዓሊ በዛፎች መካከል የቆመ ሰው ሲሥል፥ ተመልካች አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ሰውየውን ነው ወይስ ዛፎቹን? ኢምፕሬሲዮኒስት የሚባሉት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ከተነሡ ወዲህ የዚህ ጥያቄ መልስ ከባድ ሆኗል።

ከእነርሱ አንዱ ኦግስት ሬኗር በ1876 እ.ኤ.አ. «ዥዋዥዌ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። በፓሪስ፥ በሞንማርትር ኮረብታ፥ ዛፍ በበዛበት የአትክልት ስፍራ አንዲት ወጣት ሴት ገመዱን ተደግፋ በዥዋዥዌው ላይ ቆማለች። ፀሐይ በቅጠሉ መካከል እየሾለከች በቀሚሷም፥ በፊቷ በቆመው ሰው ልብስም፥ በመሬቱም ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ትጥላለች። ጥላው ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። በማግሥቱ ዓመት ሥዕሉ ለትርኢት ሲቀርብ አንድ ተቺ ያን ብርሃን በልብስ ላይ እንደ ፈሰሰ ቅባት ቈጠረው። ፍርዱ ጠማማ ነው፤ ቅሬታው ግን ከንቱ አይደለም። ብርሃን ሰውንና መሬትን እኩል ካደረገ ሰው የት ቀረ?

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህ ጭንቀት የለበትም። ሰውን በጥቁር መስመር ከቦ፥ ዓይኑን አጉልቶ፥ ብዙ ጊዜም ስሙን በአጠገቡ ጽፎ ያቆመዋል። የጻድቁን ፊት ሙሉውን፥ የክፉውን በጐን በአንድ ዓይን ይሥላል። ዱር ሰውን አይውጠውም።

ይህን ይዘን ወደ እንጦጦ እንውጣ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ያለበት ኮረብታ፥ ዘሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው የባሕር ዛፍ ደን ነው። ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ቁልቁል ስለሚያንጠለጥል ፀሐይን አይከለክልም፤ ጥላው ስስና ዝንጕርጕር ነው። ሬኗር ቢያየው ቀለሙን ያወጣ ነበር። ነገር ግን በዚህ ደን ለብዙ ዘመን የተመላለሰችው ሴት በዥዋዥዌ ላይ የቆመችው አይደለችም። ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስትወርድ፥ ከሩቅ ላያት ዛፍ የሚራመድ ይመስላል። እርሷም ገመድ አላት፤ ገመዷ ግን ደረቷን ያስራል።

እርሷን በሬኗር ዘዴ መሣል ይገባልን? መከራን ማስዋብ ነው ብሎ የሚከለክል ይኖራል። እኛ አንስማማም። በነጠላዋ ላይ ያረፈው ብርሃን እውነተኛ ብርሃን ነው፤ ሸክም ስላለባት ብርሃኑን መንፈግ ሌላ በደል ነው። ቀሚሷ በቅጠሉ ቀለም ቢሟሟም ቅር አይለንም። የጐበጠው ጀርባዋና ገመዱ ግን መስመር ይፈልጋሉ፤ ክብደት በነጠብጣብ አይገለጥምና። ሬኗር ራሱ በ1881 እ.ኤ.አ. ወደ ኢጣሊያ ተጕዞ የጥንቶቹን ሠዓሊዎች ሥራ ካየ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወደ ጥብቅ መስመር ተመልሷል፤ እርግጥ ምክንያቱ የሸክም ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የእንጦጦን ደን በሚያሳይ ሥዕል ፊት ስንቆም አስቀድመን የምንፈልገው ያንን ገመድ ነው። ሠዓሊው እርሱን በግልጽ ካሠመረልን፥ የቀረውን ሁሉ ለፀሐይ ቢተወው አንቃወምም።